የመጀመሪያው ዓመት ውጤትና የሕክምና ትምህርት ቤት በር

በአገር ቤትም ሆነ በስደት በሚኖረው ወገናችን ዘንድ «ሐኪም» የሚለው ስም ለልጅ የሚሰጠው ገና ፊደል ሳይለይ ነው። ሕፃኑ የወደቀች ጫጩት አንሥቶ ቢያባብል «ይህስ ዶክተር ነው» ይባልለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉ እንደ ክርስትና ስም አብሮት ያድጋል። ምኞቱ ነውር የለበትም። ዳሩ ግን ልጁ ኮሌጅ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት የተሰናከለ እንደ ሆነ፣ ስሙን ያወጡለት ሁሉ ምን እንደሚሉት አያውቁም፤ እርሱም ምን ብሎ እንደሚነግራቸው አያውቅም። ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው በሜሪላንድ፣ በታላቅ እኅታችን ቤት የሆነውን መነሻ አድርገን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

እኛ በልጅነታችን ዳዊት ደግመን ዲቁና የተቀበልን፣ በኋላም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተን የሒሳብ መምህር የሆንን ሰው ነን። በአዲስ አበባ ስናስተምር ቆይተን ወደ አሜሪካ ከመጣን 10 ዓመት አልፎናል፤ ሥራችን እዚህም ያው ማስተማር ነው። ስለ ሕክምና የምናውቀው እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለ ውጤት አቆጣጠር ግን አንድ ሁለት ነገር እናውቃለን።

የእኅታችን ልጅ ከእናትዋ ጋር በዲቪ ዕድል የመጣችው በ14 ዓመትዋ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በመልካም ውጤት ፈጽማ በ2015 አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባች። እናትዋ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ሠራተኛ ናት። ልጅቱም የቤት ኪራዩን ለማገዝ ስትል በሳምንት 30 ሰዓት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራ ጀመር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሥራ ወጥታ፣ ማለዳ በሁለት ሰዓት የኬሚስትሪ ክፍል ትገባለች። ሁለቱ ሴሚስተር ሲፈጸም 30 ክሬዲት ወስዳ አማካይ ውጤትዋ 2.1 ሆነ። በኬሚስትሪ ዲ፣ በካልኩለስ ዲ፣ በባዮሎጂ ሲ።

በዚያን ጊዜ እናትዋን በማርያም ማኅበር ያሉ እኅቶች «የዶክተሯ እናት» እያሉ ይጠሯት ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ ከማኅበሩ ቀን ቀረች፤ ቀጥሎም ከቅዳሴ መቅረት ጀመረች። እናትዋ «የፈረንጅ ጠባይ ተጋባባት» ብላ አዘነች። ነገሩ የፈረንጅ ጠባይ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ሽማግሌ የለምና፣ ልጅቱ የምትሸሸው ያንን ጥያቄ ነበር። ወላጆች ይህን ልብ እንዲሉት እንወዳለን፤ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን የሚቀረው ሁልጊዜ እምነቱ ስለ ቀዘቀዘ አይደለም።

በ2016 በሰኔ ወር አንድ ቀን ማታ፣ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ወደ ቤታችን መጣች። «ጋሼ፣ ለእማዬ አይንገሩብኝ እንጂ ይህን ይዩልኝ» አለችን። በትምህርት ቤቱ ያለ አንድ አማካሪ ወረቀቱን ከተመለከተ በኋላ ሌላ ሙያ ብትፈልግ እንደሚሻላት ነግሯት ነበር። እኛም ወረቀቱን አንብበን «በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» ብለን ጠየቅናት። «አራት፤ አንዳንድ ቀን ሦስት» አለች። ከዚያ በኋላ እርሳስና ወረቀት አቀረብን።

ሒሳቡ ይህ ነው። 30 ክሬዲት በ2.1 ሲባዛ 63 ነጥብ ይሆናል። ተማሪዋ ከእንግዲህ በምትወስደው ትምህርት ሁሉ ኤ ብታገኝ እንኳ፣ ማለት እያንዳንዱ ክሬዲት 4 ነጥብ ቢያስገኝላት፣ ጠቅላላ አማካይዋ 3.5 የሚደርሰው 84 ክሬዲት ከጨመረች በኋላ ነው። ይህም ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ትምህርት ያለ አንድ ቢ መጨረስ ማለት ነው። ልጅቱ ይህን ባየች ጊዜ የምታለቅስ መስሎን ነበር፤ እርስዋ ግን ወረቀቱን ወደ ራስዋ ስባ ደግማ አባዛችው። ዓመቱን ሙሉ ስታስብ የነበረው «አለቀልኝ» ወይም «ምንም አይደለም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ብቻ ነበርና፣ 84 የሚል ቁጥር ማየትዋ እንደ ዕረፍት ሆነላት።

እዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያየነውን ብናነሣ ከነገራችን አያርቀንም። በንባብ ቤት አንድ ልጅ በዳዊት መካከል ቢደናቀፍ የኔታ ያንኑ ቦታ ያስደግሙታል፤ አሥር ቀን ቢፈጅም ያስደግሙታል። በቅኔ ቤትም የተማሪው ጉባኤ ቃና ቤት ባይመታ፣ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይቆማል። ተመርቆ ሲወጣ ግን «ስንት ቅኔ ተበላሽቶብህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የሚታየው የደረሰበት ነው። የዘመናዊው ኮሌጅ ሥርዓት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ከመጀመሪያዪቱ ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ ይመዘገባል፤ የተመዘገበውም በአማካዩ ውስጥ ለዘላለም ይቈጠራል። የንስሐ አባት ይፈታል፤ ሬጅስትራር ግን አይፈታም። ብዙ ወላጆቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጁ የወደቀበትን ትምህርት ደግሞ ኤ ካገኘ የቀድሞው የሚሰረዝ ይመስላቸዋል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ መዝገብ ላይ በእርግጥ ይተካዋል። ነገር ግን ለአብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበለው ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት አማካዩን ራሱ እንደ ገና ያሰላል፤ ሲያሰላም ዲውንም ኤውንም ሁለቱንም ይቈጥራል። በሌላ ኮሌጅ የተወሰደም ቢሆን መሰወር አይቻልም። ተማሪው የተማረበትን ቦታ ሁሉ ትራንስክሪፕት ማስላክ ግዴታው ነው። የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ብቻ የተደገመውን ትምህርት ይተካ ነበር፤ እርሱም ይህን ልማድ በ2017 ተወ። በቴክሳስ አንድ ልዩ ሕግ አለ፤ በዚያ የሚኖር ሰው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ትምህርቱ እንዳይቈጠርበት መጠየቅ ይችላል። ሆኖም መጥፎውን ጥሎ መልካሙን ማስቀረት አይፈቀድለትም፤ ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

እናትዋን የነገርናት በሳምንቱ፣ ልጅቱ ራስዋ ከፈቀደች በኋላ ነው። እኅታችን ብዙ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «ለቁልቢ ገብርኤል እሳላለሁ፤ ይፍቅልናል» አለች። እኛም «እትዬ፣ ስለቱ መልካም ነው፤ ተሳይ። የሚፋቅ ግን የለም፤ የሚጨመርበት ነው እንጂ» አልናት። በነገሩ ከተቈጣች በኋላ የሠራችውን ሥራ ግን እናደንቃለን። በዚያው ወር ለራስዋ በሳምንት አንድ ተጨማሪ ሌሊት ወስዳ የልጅቱን የሥራ ሰዓት ከ30 ወደ 12 አስቀነሰች። ከዚህ የተነሣ ቤቱ ጠበበ፤ ለአገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ ቀነሰ፤ ስለዚህም ከዘመድ ቅሬታ መጣ። የልጅ ውድቀት የስንፍና ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት የሰዓቱን ሒሳብ መሥራት እንደሚገባ ከዚህ አየን።

ልጅቱ በሁለተኛው ዓመት ከባድ የሳይንስ ትምህርት በሴሚስተር አንድ ብቻ ወሰደች፤ በሦስተኛው ዓመት ወደ ሁለት አሳደገችው። የጥናትዋም አኳኋን ተለወጠ። በንባብ ቤት ታላቁ ተማሪ ለታናሹ እያሰማ የሚማረውን ልማድ ብንነግራት፣ ታናሽ ስለሌላት እናትዋን አስቀመጠቻት። እኅታችን ማታ ወደ ሥራ ከመሄድዋ በፊት ቡና እያፈላች ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በአማርኛ ስትሰማ ከረመች። «ካርቦን አራት እጅ አለው፤ አንዱም ባዶውን አይቆምም» እያለች ልጅቱ ታስረዳለች፤ እናትም «እንግዲያ ያ የተረፈው ማንን ያዘ?» ብላ ትጠይቃለች። እናትዋ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ልጅቱ መመለስ ያልቻለችውን ቦታ በመጽሐፍዋ ላይ ታሰምራለች። ኬሚስትሪ ያልተማረች ሴት እንዴት እንዲህ ያለ መምህር ልትሆን እንደ ቻለች እስከ ዛሬ እንገረማለን።

በ2020 ተመረቀች። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የወሰደችው 96 ክሬዲት አማካዩ 3.75 ነበር፤ ከቀድሞው ጋር ሲደመር ግን ጠቅላላው 3.36 ብቻ ሆነ። ይህ ውጤት ለሌላ ሙያ መልካም ነው፤ ለሕክምና ግን ያንሳል። በ2023 ኤም.ዲ. በሚሰጡት የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከ52 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ 23 ሺህ ያህሉ ሲገባ፣ የገቡት ተማሪዎች አማካይ ውጤት 3.77 ነበር። አማካይ ነውና ከዚያ በታች ሆነው የገቡ ብዙዎች አሉ። የሚመለከቱት መምህራንም ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን መስመሩ ወደ ላይ ይወጣ ወይም ወደ ታች ይወርድ እንደ ሆነ ያያሉ።

እንግዲህ ከዲግሪ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሳይንስ ትምህርቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ጨምሮ መውሰድ ነው፤ ይህ በቀድሞው አማካይ ላይ ይደመራል። ሁለተኛው ለዚሁ ጉዳይ የተሰናዳ የማስተርስ ትምህርት ነው፤ በዋሽንግተን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው በዚህ የታወቀ ነው። የማስተርስ ውጤት ግን ለብቻው ይጻፋል እንጂ የመጀመሪያውን ዲግሪ አማካይ አያነሣም፤ ክፍያውም ከባድ ነው። ልጅቱ የፊተኛውን መረጠች። ቀን በሆስፒታል የሕሙማን ረዳት ሆና እየሠራች፣ ማታ 32 ክሬዲት በ3.9 ጨረሰች። ጠቅላላው 3.47 ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ተሠርቶበት ያ 2.1 አሁንም ከበታቹ ይጐትተው ነበር።

ኤምካት የተባለውን የመግቢያ ፈተና ደግሞ መጥቀስ ይገባናል። ዕረፍቱ ሲጨመር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ይደርሳል፤ አራት ክፍል ሲኖረው እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ይሰጣል። ሰው በዕድሜው ሰባት ጊዜ ብቻ ሊፈተነው ይችላል፤ ሁሉም ውጤት ይታያል። ልጅቱ መጀመሪያ 498 አገኘች። ያወረዳት ሳይንሱ አልነበረም፤ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ የጸሐፊውን ሐሳብ መመርመርን የሚጠይቀው ክፍል ነበር። እንግሊዝኛን በ14 ዓመቱ ለጀመረ ልጅ ይህ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ለስምንት ወር በየቀኑ ከሙያዋ ውጭ የሆነ ጽሑፍ እያነበበች ፍሬ ሐሳቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ትጽፍ ነበር፤ ያንንም እየላከችልን እናርምላት ነበር። ሁለተኛው ውጤት 509 ሆነ።

በ2021 ያቀረበችው ማመልከቻ ፍሬ አላፈራም። ወደ 18 ትምህርት ቤቶች ልካ አንድ ቃለ መጠይቅ እንኳ አላገኘችም። ያን ጊዜ ኤምካትዋ ገና 498 ነበር፤ ማመልከቻዋንም የላከችው በጥቅምት ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻውን ቀን ጠብቀው ሁሉንም በአንድነት አይመለከቱም፤ እንደ ደረሰላቸው እያዩ ቦታውን ይሞላሉ። በሰኔ የላከና በጥቅምት የላከ እኩል አይደሉም። የክፍያ ነገርም ለሚያስጨንቀው ቤተሰብ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አመልካች የፈተናውንና የማመልከቻውን ዋጋ የሚያቃልል ድጋፍ መኖሩን እንናገራለን፤ እኅታችን ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

በ2023 በሰኔ መጀመሪያ እንደ ገና አመለከተች። በዚህ ጊዜ ከታመኑት መካከል በዋሽንግተን ያለው የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበረበት፤ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን የተማሩት በዚሁ ነው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1868፣ መቅደላ በወደቀችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን ወርቅነህ እሸቴ በህንድ አገር ተምሮ በ1882 ሐኪም ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ስንነግራት ልጅቱ «ጋሼ፣ እርሳቸውስ በመጀመሪያ ዓመት ዲ አግኝተው ያውቁ ይሆን?» ብላ አሳቀችን።

ከኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች ሌላ ወደ ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶችም ላከች። በዚህ ጊዜ እኅታችን ተጨንቃ «እውነተኛ ዶክተር ነው ወይ? ወጌሻ አይደለም?» ብላ ጠየቀችን። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለሚጠይቅ እንመልሳለን። ይህን ትምህርት ዶክተር አንድሩ ቴይለር ስቲል በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ በ1892 ትምህርት ቤት ከፍቶ ጀመረው። በመጀመሪያው ዘመን በእርግጥ እጅ በማሸት ላይ ያተኰረ ነበር። ዛሬ ግን ተመራቂው በሃምሳውም ግዛቶች መድኃኒት ያዝዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፤ ከ2020 ጀምሮም ከምረቃ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና ከኤም.ዲ. ጋር በአንድ ሥርዓት ሥር ሆኗል። ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚሄዱትን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ እንመክራለን። በዚያ መግባት ቀላል የሆነበት ትምህርት ቤት አለ፤ መግባትና መፈጸም ግን ልዩ ልዩ ነገር ነው። ከገቡት ስንቱ እንደ ተመረቀ፣ ከተመረቁትም ስንቱ በአሜሪካ ሆስፒታል የሥልጠና ቦታ እንዳገኘ ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚከፍል አባት ቤቱን ያስይዛል።

ሁለት ቃለ መጠይቅ አገኘች። በአንደኛው አንድ ሐኪም ወረቀቱን ገልጦ በቀጥታ «በ2015 ምን ሆነሽ ነው?» አላት። ሰዓቱን ነገረችው፤ የሥራውንም የእንቅልፉንም። ቀጥላም ምን እንደ ለወጠችና በየትኛው ሴሚስተር ምን እንዳገኘች ተናገረች። ስለ ድህነታቸው ማዘንን አልለመነችም፤ እኛም እንዲህ እንዳታደርግ አጥብቀን መክረናት ነበር። ያ ትምህርት ቤት በተጠባባቂዎች መዝገብ አኖራት፤ በ2024 በግንቦት ወር ጠራት። በነሐሴ ትምህርት ጀመረች፤ 27 ዓመትዋ ነበር።

ለአገር ቤት ዘመዶቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በኢትዮጵያ የሕክምና ዕድል ለብዙ ዘመን የሚወሰነው በማትሪክ ውጤት ወይም በመጀመሪያው ዓመት ነበርና፣ ያን ጊዜ ያመለጠው ሰው መመለሻ አልነበረውም። በ2012 በሌላ የሳይንስ ወይም የጤና ሙያ ለተመረቁ ሰዎች የሕክምና ትምህርት በ13 ተቋሞች ሲከፈት ያ በር ጥቂት ገርበብ አለ። ነርስ ሆነው ሲያገለግሉ ኖረው በዚያ መንገድ ሐኪም የሆኑ ሰዎች አሉ።

እናትዋ አሁን በማኅበር ቀን «የዶክተሯ እናት» ሲሏት «ገና ተማሪ ናት፤ መጀመሪያም ወድቃ ነበር» ትላለች። ከዚህ የተነሣ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ የሚመጡ ወላጆችና ልጆች በዙ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የለንም። ገንዘቡም ቢሆን ከብዷል፤ በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር የሕክምና ተማሪ ከመንግሥት የሚያገኘው ብድር በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ባለፈው ቅዳሜ የመጣው ልጅ 45 ክሬዲት ወስዶ አማካዩ 1.9 ነው። አብረን አሰላን፤ 3.5 ለመድረስ 144 ክሬዲት ያለ አንድ ቢ ይፈልጋል። የሚቀረውን 75 ክሬዲት በ3.7 ቢፈጽም ደግሞ 3.03 ገደማ ይዞ ይመረቃል። አባቱ «ይቻላል በሉት» በሚል ዓይን ይመለከቱን ነበር። እኛ ግን ቁጥሩን ለልጁ ሰጥተን፣ ሰዓቱን የት እንደሚያውለውና ከሕክምና ሌላ የሚወደው ሥራ እንዳለ ጠየቅነው። ወዲያው አልመለሰም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ በሚመጣው ቅዳሜ ለብቻው እንዲመለስ ቀጥረነዋል።